አስር ጊዜ ታይቶ አስረኛውም ላይ የሚያስቅ የቤተሰብ ኮሜዲ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄሽን ሳሳጥረው እንዲህ ነው። የ6፣ የ10 እና የ15 አመት ልጆች አሉሽ፣ እናትሽም አብረዋችሁ ያያሉ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ተቀምጣችሁ የምትስቁበት ኮሜዲ ትፈልጊያለሽ፣ አንዴ ታይቶ የሚረሳ ሳይሆን ሲያሰኛችሁ የሚደገም፣ መሃል ላይ ደሞ የሚያሳፍር ነገር መጥቶ ተነስተሽ ሪሞት ፍለጋ የማያስሮጥሽ። "ቤስት ፋሚሊ ኮሜዲ" ብለሽ ሰርች ስታደርጊ ግን የሚመጣው ሊስት ግማሹ ትልልቆቹን የሚያስተኛ፣ ግማሹ እናት ፊት የማይታይ ሆኖብሻል። እኔ ስራዬ የፊልም ኤዲቲንግ ነው፣ ብዙውን ጊዜም የምቆርጠው ኮሜዲ ነው፣ ስለዚ ምመልስልሽ ከዛ ወንበር ሆኜ ነው። አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሊስት አትፈልጊ አልልሽም፣ ግን ሊስቱን የምታጣሪበት አንድ ጥያቄ ያዢ፦ እዚህ ፊልም ውስጥ ሳቁ ከየት ነው የሚመጣው? ሳቁ ካልታሰበ ነገር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ፊልሙ የሚሰራው አንድ ጊዜ ነው፣ ሁለተኛ ስታዪው ታውቂዋለሽ፣ አለቀ። ሳቁ ከሰውየው ፀባይ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ማለት ይሄ ሰው እዛ በር ጋ ሲደርስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ስለምታውቂው ገና ሳይደርስ መሳቅ የምትጀምሪ ከሆነ፣ ማወቅሽ ሳቁን አይቀንሰውም፣ እንደውም ያበዛዋል። ደጋግመን የምናያቸው ኮሜዲዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚህ ናቸው፣ የሚቀጥለውን እያወቅን፣ ስለምናውቅ ነው የምንስቀው።

ለምሳሌ "ሚስተር ቢንስ ሆሊደይ" (2007) ላይ ሚስተር ቢን ሬስቶራንት ውስጥ ኦይስተር (ጥሬውን የሚበላ የባህር ዛጎል እንስሳ) ይቀርብለታል፣ አልተስማማውም፣ ግን አልፈልግም ብሎ መመለሱም አልሆነለትም፣ በመጨረሻ አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ ይገለብጠዋል። ህፃናት ይሄን ትዕይንት በቃላቸው እያወቁት እንደገና ይንከተከታሉ፣ ምክንያቱም ሚያስቃቸው ኦይስተሩ አይደለም፣ ሰውየው እንዳይታወቅበት የሚያደርገው ጥረት ነው። ጥረት ደሞ ባየሽው ቁጥር አዲስ ነገር ይገኝበታል፣ አይኑን ወዴት እንዳሸሸ፣ ፊቱን እንዴት ሰብሰብ እንዳደረገ። በተቃራኒው አንድ ሰው ድንገት ከቁምሳጥን ወጥቶ "ባ!" ሲል የሳቅሽበት ፊልም ካለ ሁለተኛ ስታዪው ቁምሳጥኑን እያየሽ ትጠብቂያለሽ፣ ሳቅ የለም።

ሁለተኛው የማየው ነገር ፊልሙ ቀደም ብሎ አስቀምጦ በኋላ የሚያነሳው ነገር አለው ወይ የሚለው ነው፣ እኛ ኤዲቲንግ ክፍል ፕላንት እና ፔይኦፍ ምንለው። "ፓዲንግተን 2" (2017፣ ዳይሬክተሩ ፖል ኪንግ) በዚህ በኩል ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ፓዲንግተን የሚባለው ድብ አብሮት የሚኖረውን ቤተሰብ ሲያስተዋውቀን እናትየዋ ረጅም ርቀት ለመዋኘት ትለማመዳለች፣ አባትየው ዮጋ መሳይ ነገር ውስጥ ገብቷል፣ ልጁ የስቲም ባቡር እብድ ነው ግን ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ይደብቀዋል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ሰዎቹን ማሳወቂያ ቀልድ ነው የሚመስለው። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ላይ ያ ሁሉ ግርግር ሲፈጠር እያንዳንዷ ነገር ስራ ትሰራለች። መጀመሪያ ስታዪው "ኦ ለካ ለዚህ ነው" ትያለሽ፣ ሁለተኛ ስታዪው ግን መጀመሪያዋ ላይ አባትየው እግሩን ሲዘረጋ ገና ከአሁኑ ትስቂያለሽ፣ ቀልዱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተዛወረ ማለት ነው፣ በአንድ ፊልም ሁለት ፊልም። (እግረመንገዴን፣ መጨረሻ አካባቢ ድቡ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ፣ የ6 አመቷን እቅፍ አድርጊያት፣ ቶሎ ያልፋል።)

ይሄ ነገር በትንንሹም ይሰራል። "ባክ ቱ ዘ ፊውቸር" (1985) ላይ ልጁ ወደ 1955 ተመልሶ በመኪና ከሁለቱ ጥዶች አንዱን ይገጨዋል፣ ወደራሱ ዘመን ሲመለስ መጀመሪያ "ሁለት ጥድ" በሚል ስም የነበረው የገበያ ማእከል ታፔላ "ብቸኛው ጥድ" ሆኗል፣ ማንም ስለሱ አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ካየሽው አየሽው። "ሆም አሎን" (1990) ላይም እንዲሁ፣ ማታ ኩሽና ውስጥ በሚፈጠረው ትርምስ ወተት ሲደፋ አባትየው ጠራርጎ ሲጥል ቤት ተረስቶ የሚቀረው ልጅ የአውሮፕላን ትኬትም አብሮ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ለሰከንድ ነው የምትታየው። የ10 አመቱ ልጅሽ ይሄን መጀመሪያ ያገኘ ቀን ፊልሙን አስቁሞ ነው ለሁላችሁም የሚያሳያችሁ። እንደዚህ አይነት ሚስጥር የደበቀ ፊልም ልጅን መርማሪ ያደርገዋል፣ መርማሪ ደሞ አይሰለቸውም።

ቶሎ የሚያረጀው ምንድነው ካልሽኝ የወቅት ቀልድ ነው። የዛ አመት ዘፈን፣ የዛ አመት ታዋቂ ሰው፣ ሌላ ፊልምን ማሾፍ ብቻ። ፊልሙ ከሌላ ነገር ላይ ነው የሚስቀው፣ ያ ሌላው ነገር ሲረሳ ሳቁም አብሮ ይሄዳል። ግን ህጉ ልዩነት አለው፣ "ሽሬክ" (2001) ላይ ልዕልቷ ፊዮና እየተደባደበች አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ቦታ "ማትሪክስ" የሚባለውን የአክሽን ፊልም ለማሾፍ የተሰራ ነው፣ ዛሬ የ6 አመት ልጅ ማትሪክስ ምን እንደሆነ አያውቅም ግን ይስቃል፣ ልዕልት በጠብ መሃል አየር ላይ ቆማ ፀጉሯን ስታስተካክል በራሱ አስቂኝ ስለሆነ። እና ሚጠየቀው "ምንጩን የማያውቅ ሰው ይስቃል ወይ?" ነው።

አሁን የሙያዬን ትንሽ ሚስጥር ልንገርሽ። ኮሜዲ ውስጥ ትልቁ ሳቅ የሚመጣው ሰው ሲወድቅ አይደለም፣ ወዲያው ቀጥሎ ወዳየው ሰው ፊት ስንቆርጥ፣ ማለት ምስሉን ወደሱ ስንቀይር ነው። መውደቁ ክስተት ነው፣ ፊቱ ግን አስተያየት ነው። እኛ ኤዲት ስናደርግ ለሰአታት የምንጨቃጨቀው ያ ፊት ስክሪን ላይ ትንሽ ይቆይ ወይስ ቶሎ ይውጣ በሚለው ላይ ነው፣ በጣም ጥቂት ፍሬም ሳቁን ይገድለዋል ወይ ያድነዋል። አንድ ፊልም ደጋግሞ ይታይ እንደሆነ ለማወቅ የማይናገረውን ሰው እዪው። ዋናው ገፀ ባህሪ ሲቀልድ ከኋላ ያለው ሰው ዝም ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ከሆነ ፊልሙ ስስ ነው። ከኋላ ያሉት የራሳቸውን ኑሮ እየኖሩ፣ እየተናደዱ፣ እየሰሙ እንዳልሰሙ እየሆኑ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ የምታዪው ነገር ተርፎሻል ማለት ነው። "ዘ ኢምፐረርስ ኒው ግሩቭ" (2000) ላይ ክሮንክ የሚባለው ጡንቻማ አገልጋይ ተደብቆ ሲሄድ የራሱን የጀርባ ሙዚቃ ራሱ በአፉ እያዜመ ነው ሚሄደው፣ አለቃው ላይ ብቻ አይንሽን ተክለሽ ከቆየሽ ግማሹ ፊልም ያመልጥሻል። ይሄ ፊልም ርዝመቱም 78 ደቂቃ ብቻ ነው፣ በጣም የተናቀ ፊልም ነው በኔ እይታ።

የ6 አመቷ ልጅ አንዱን ፊልም መቶ ጊዜ ካላየሁ ስትል አትጨነቂ። ትንንሽ ልጆች ሲደገምላቸው ነው ሚገባቸው፣ ሲገባቸው ደሞ ነው መሳተፍ ሚጀምሩት። "ብሉስ ክሉስ" የሚባለው የልጆች ፕሮግራም 1996 ሲጀምር አንዱን ክፍል ሳምንቱን ሙሉ ለ5 ተከታታይ ቀን ነበር የሚያሳየው፣ ልጆቹ በየቀኑ ከስክሪኑ ጋር ይበልጥ እየተነጋገሩ፣ መልሱን ቀድመው እየጮሁ ነበር የሚያዩት። ትልቅ ሰው በመገረም ይስቃል፣ ህፃን በማወቁ ይስቃል፣ "አሁን ይወድቃል! አሁን ይወድቃል!" እያለች የምትዘለው ለዚህ ነው። ያንቺ ችግር ልጅቷ መድገሟ አይደለም፣ እሷ የምትደግመው ፊልም ለሌሎቻችሁም የሚሆን ነገር እንዲኖረው ማድረግ ነው፣ ለዛ ነው ከላይ ስለ ድብቅ ነገሮች ያን ያህል የለፈለፍኩት።

ሌላው፣ ኮሜዲ ለብቻሽ ሞክረሽ "አያስቅም" ብለሽ አትጣዪ። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል ስለ ሳቅ ያጠና የስነልቦና ሊቅ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ለብቻው ካለበት ወደ 30 እጥፍ በበለጠ እንደሚስቅ አግኝቷል። ፊልም ሰሪዎቹም ይሄን ድሮ ያውቁታል፣ ማርክስ ብራዘርስ የሚባሉት ኮሜዲያኖች "ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ" የተባለውን የ1935 ፊልማቸውን ከመቅረፃቸው በፊት ትዕይንቶቹን መድረክ ላይ ለህዝብ እያሳዩ ሳቁ የት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ለክተው ነበር፣ ቀጣዩ ንግግር በሳቅ እንዳይዋጥ። ለዛ ነው አንዳንድ የድሮ ኮሜዲ ለብቻሽ ስታዪው መሃል መሃሉ ላይ ክፍተት ያለው፣ የተጎተተ የሚመስለው፣ ክፍተቱ የናንተ ሳቅ መቀመጫ ነው። ስለዚ አስቀድመሽ ስታዪ የምትመረምሪው ለልጆች ይሆናል ወይ የሚለውን ይሁን፣ ያስቃል አያስቅም የሚለውን ሳሎኑ ይወስን።

ስለ ሰብታይትልም አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ማንም አይናገረውም። ሰብታይትል ቀልድን ቀድሞ ይናገራል። ተዋናዩ ቃሉን ከአፉ ሳያወጣ ፅሁፉ መጨረሻዋን ቃል አሳይቶሻል፣ ፈጣን አንባቢ ቀድሞ ይስቃል፣ ቀስ ብሎ የሚያነብ ዘግይቶ፣ የ6 አመቷ ደሞ "ምን አለ? ምን አለ?"፣ ሳቁ ተበታተነ። ሁላችሁም የፊልሙን ቋንቋ እኩል የማትሰሙ ከሆነ፣ በተለይ እናትሽ፣ ንግግር የሚያበዛ ኮሜዲ ለትልልቆቹ አስቀምጪውና ለጋራው አካል የሚናገርበትን ፊልም ምረጪ። "ሾን ዘ ሺፕ ሙቪ" (2015) ውስጥ አንድም የሚሰማ ንግግር የለም፣ ሁሉም ማጉረምረም ነው፣ ሆኖም ታሪኩ አንድም ሰው አይጠፋውም። ገበሬው ጭንቅላቱን ተመትቶ ማንነቱን ሁሉ ይረሳል፣ እጁ ግን በግ መሸለቱን አልረሳም፣ ከተማ ገብቶ የታወቀ ፀጉር አስተካካይ ይሆናል። እዪ እንግዲህ ቀልዱ ከየት እንደመጣ፣ ከሰውየው።

አሁን ወደ ሪሞቱ ጉዳይ። የአሜሪካ የፊልም ደረጃ ጂ ለሁሉም፣ ፒጂ ወላጅ ይይበት፣ ፒጂ-13 ከ13 አመት በታች ላሉት ጥንቃቄ፣ አር ደሞ ያለ ወላጅ ከ17 በታች አይገባም ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ፒጂ-13 የመጣው 1984 ላይ መሆኑን ስለማያውቅ ነው። ከዛ በፊት ከፒጂ ቀጥሎ አር ነበር፣ መሃል ላይ ምንም የለም፣ ስለዚ ዛሬ ፒጂ-13 የሚባል ብዙ ነገር ያኔ ፒጂ ተብሎ ወጥቷል። "ኤርፕሌን" የሚባለው የ1980 ኮሜዲ ፒጂ ነው፣ ግን ለአፍታ የራቁት ምስል አለበት፣ ሪሞት የሚያስሮጠው እንደዚህ አይነቱ ነው። "ግሬምሊንስ" (1984) ደሞ ፒጂ ተብሎ ወጥቶ ወላጆችን ካስቆጡት ፊልሞች አንዱ ነው፣ አዲሱ ደረጃ እንዲመጣ ምክንያት ከሆኑት ውስጥም ይቆጠራል፣ ኮሜዲ ሊስት ላይ ዛሬም ታገኚዋለሽ፣ የ6 አመት ልጅ ግን አታሳዪው። ከ1984 አጋማሽ በፊት ከሆነ ፒጂ የሚለውን እንዳላየሽ ሁኚና ራስሽ እዪው።

የእንግሊዞቹ ደረጃ ላንቺ ጉዳይ ይበልጥ ግልፅ ነው፣ ዩ ከ4 አመት ጀምሮ ላለ ልጅ፣ ፒጂ ደሞ 8 አመት አካባቢ ያለን ልጅ የማይረብሽ ማለት ነው፣ እና ያንድ ፊልም ሁለቱንም ደረጃ አይተሽ ብታነፃፅሪ ጥሩ ነው። ተዋናዩ ወይ ገፀ ባህሪው አንድ ስለሆነ ብቻም አትመኚ፣ "ሚስተር ቢንስ ሆሊደይ" በአሜሪካ ጂ ነው፣ ከሱ በፊት የወጣው "ቢን" (1997) ግን ፒጂ-13። የሆም አሎን ፀሀፊ ጆን ሂውዝ የፃፈውን ሁሉ ልይ ብትይ ደሞ "ፕሌንስ፣ ትሬንስ ኤንድ አውቶሞቢልስ" (1987) ጋ ትደርሻለሽ፣ ደስ የሚል ፊልም ነው፣ ግን መኪና የሚከራዩበት ቦታ ላይ ያለችው አንዷ ትዕይንት የስድብ ናዳ ነች፣ አር የተባለውም በዋናነት በሷ ነው።

ደረጃ ምክንያቱን በደንብ አይነግርሽም፣ ምክንያቱን የሚነግርሽ ሌላ ቦታ ነው። አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም ዌብሳይት ላይ ማንኛውም ፊልም ገፅ ውስጥ የወላጆች መመሪያ የሚል ክፍል አለ፣ ወሲብና እርቃን፣ ድብድብ፣ ስድብ፣ መጠጥና እፅ፣ አስፈሪ ትዕይንት እያለ ለያይቶ ምን እንዳለ ይዘረዝራል። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የሚባለው ለወላጆች ፊልም የሚገመግም ዌብሳይት ደሞ በእድሜ ነው የሚነግርሽ። እዛ ጋ የፊልሙን ታሪክ ሊያበላሽብሽ ይችላል ግን አንቺ እናት ነሽ፣ መስዋእት ሁኚ። የሃያሲያንን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ዌብሳይት ላይ የምታዪውን ፐርሰንት ግን ለዚህ ጉዳይ ብዙ አትደገፊበት፣ 95 ፐርሰንት ማለት ፊልሙ ከመቶ 95 አገኘ ማለት ሳይሆን ከመቶ ሃያሲያን 95ቱ ወደዱት ማለት ነው፣ ሁሉም "እሺ፣ ይሄዳል" ያሉት ፊልምም 95 ሊደርስ ይችላል። የሚደገም ፊልም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በጊዜ ነው። "ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ" (1987) ሲኒማ ቤት ያን ያህል አልጮኸም፣ ሰው ቤቱ ቪዲዮ እየተከራየ ሲያየው ነው ክላሲክ የሆነው። ከ10 አመት በላይ ሆኖት ሰዎች አሁንም ንግግሩን በቃላቸው የሚጠቅሱትን ፊልም ካገኘሽ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም።

ስለ ስድብ ካነሳን አይቀር፣ "ጋላክሲ ክዌስት" (1999) ላይ ተዋናይቷ ሲገርኒ ዊቨር አንድ ቦታ የምትናገረው ድምፅና ከንፈሯ አይገጥምም፣ ከንፈሯ ከበድ ያለውን ቃል ነው የሚለው፣ ድምፁ ግን በለሰለሰ ተተክቷል። እኛ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እዛች ቦታ ላይ ሁሌ ነው ምንስቀው። ፊልሙ ፒጂ ነው፣ ለ10 እና ለ15 አመቶቹ ጥሩ ነው።

ምርጫ ላይ ስትሆኚ ፊልሙን ሙሉ ለማየት ጊዜ ከሌለሽ መጀመሪያውን አትዪ፣ መጀመሪያው ሁሌም ተሸልሞ ነው የሚቀርበው። መሃሉን ክፈቺና አስራ አምስት ደቂቃ ያህል እዪ፣ ከዛ ለሁለት ሶስት ደቂቃ ድምፁን አጥፊው። ድምፅ ሳይኖር ማን ምን እንደፈለገና ምን እንደከለከለው ከገባሽ የ6 አመቷም ትከተለዋለች። ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ብቻ ከሆነ የምታዪው፣ የንግግር ኮሜዲ ነው፣ መጥፎ ነው ማለት አይደለም ግን ለናንተ ሳሎን አይሆንም። ትሬለር ደሞ ፈፅሞ አትመኚ፣ የኮሜዲ ትሬለር የፊልሙን ምርጥ ቀልዶች ሰብስቦ ነው የሚጨርሳቸው፣ አንዳንዴም ትሬለሩ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው ቀልዶቹ።

ሌላ ሰው የማይነግርሽ ምርጫ ደሞ ድምፅ አልባዎቹ የድሮ ፊልሞች ናቸው። "ጥቁርና ነጭ ነው" ብለሽ አታስተዋውቂው በቃ፣ ዝም ብለሽ ክፈቺው። ባስተር ኪተን የሚባለው የዛ ዘመን ኮሜዲያን የሰራው "ሼርሎክ ጁኒየር" (1924) 45 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ልጅ ለመሰላቸት ጊዜ አያገኝም። "ስቲምቦት ቢል ጁኒየር" (1928) ላይ ኪተን ላይ የቤት ፊት ለፊት ግድግዳ ሙሉውን ሲወድቅበት መስኮቷ በትክክል እሱ ላይ ታርፍና ይተርፋል፣ ይሄ የካሜራ ማታለል አይደለም፣ እውነተኛ ግድግዳ ነው የወደቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን ቢል ኖሮ ሞቶ ነበር። ይሄን ለ15 አመቱ ልጅሽ ንገሪው፣ ስልኩን አስቀምጦ ሲያስደግምሽ ታዪዋለሽ። ቻፕሊን "ዘ ጎልድ ራሽ" (1925) ላይ ርቦት ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ ጫማው የተሰራው ከሊኮሪስ ከረሜላ ነው፣ ይሄን ደሞ ለትንሿ። እናትሽ ደሞ እዚህ ፊልሞች ላይ ከሁላችሁም እኩል ናቸው፣ የሚነበብ ጥቂት ነው፣ የሚያመልጣቸው ነገር የለም።

የ15 አመቱ ከባዱ ነው፣ አውቃለሁ። በዛ እድሜ ከቤተሰብ ጋር መሳቅ ራሱ ያሳፍራል። ፊልም አትጫኚበት፣ አጣርተሽ ሶስት አቅርቢለትና እሱ ይምረጥ፣ የመረጠውን ፊልም መናቅ አይችልም። "ዘ ሚቼልስ ቨርሰስ ዘ ማሽንስ" (2021) ለሱ የተሰራ ይመስላል፣ ፊልም መስራት የምትፈልግ ልጅና የማይገባው አባት፣ መሃል ላይ ሮቦቶች አለምን ሲቆጣጠሩ፣ ፒጂ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለእናትሽ ምናልባት ይበዛባቸዋል። ባክ ቱ ዘ ፊውቸርን ከሱ ጋር ለብቻችሁ እዩት፣ ፒጂ ቢባልም ተኩስም ስድብም አለው፣ መኪና ውስጥ ልጅቷን አንዱ የሚያስቸግርበት ትዕይንትም አለ፣ ለትንሿ አይሆንም። "ግራውንድሆግ ደይ" (1993) ስለ መደጋገም የተሰራ ምርጥ ኮሜዲ ነው፣ አንዱ ቀን ለሰውየው እየተደጋገመ፣ ግን ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ራሱን ሊያጠፋ የሚሞክርባቸው ትዕይንቶች በቀልድ መልክ ስላሉ እሱም ለትልልቆቹ ብቻ።

እኔ ብሆን ምጀምረው በፓዲንግተን 2 ነው፣ የመጀመሪያው (2014) ጥሩ ቢሆንም ሁለተኛው ይበልጠዋል፣ ራሱን ችሎም ይታያል። ከዛ ሾን ዘ ሺፕ፣ ከዛ ኢምፐረርስ ኒው ግሩቭ። ሆም አሎን አራተኛ፣ ምክንያቱም ልጁ ለሌቦች የሚያጠምዳቸውን ወጥመዶች ካዩ በኋላ ልጆቹ ቤት ውስጥ መሞከር ይፈልጋሉ፣ አስቀድመሽ አስጠንቅቂ፣ ጎረቤት ያለው ሽማግሌም መጀመሪያ ላይ ትንሿን ሊያስፈራት ይችላል ግን ምን አይነት ሰው እንደሆነ ኋላ ታየዋለች። "ዙቶፒያ" (2016) ከዛ በኋላ፣ ቀርፋፋው የቢሮ ሰራተኛ ያለበትን ትዕይንት ቢሮ ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የፊልሙ የመጨረሻ ቀልድም እሱ ላይ ነው የተቀመጠው። "ቺክን ረን" (2000) ጂ ነው ግን መጀመሪያ አካባቢ አንዷ ዶሮ ለእርድ ትወሰዳለች፣ ባይታይም ይገባል፣ ልጅቷ እንስሳ የምትወድ ከሆነ ትንሽ ቆይታ ብታየው ይሻላል።

አንዴ የወደዳችሁትን ፊልም በማግስቱ አትድገሙት ከልጅቷ በስተቀር፣ ወራት አስቀምጡት፣ ዝርዝሩ ትንሽ ሲረሳና ሰዎቹ ብቻ ሲቀሩ ነው እንደገና የሚጥመው። ስትደግሙት ደሞ አንድ ሰው የሚከታተለው ገፀ ባህሪ ይምረጥ፣ ዋናውን ሳይሆን ከጎን ያለውን፣ ሲያልቅ ያየውን ይናገር። ከነዚህ የትኛው ሳሎናችሁ ላይ እንደሰራና የትኛው እንደከሸፈ ከነምክንያቱ እዚሁ ፃፊልኝ፣ በተለይ የ15 አመቱ ምን ላይ እንደሳቀ፣ የሚቀጥሉትን ከዛ ተነስቼ እነግርሻለሁ።